ማን ቀባው?

ሐሙስ ማታ ነበር፣ በፒተርሄድ ወደብ፣
በመስታወቱ ላይ ዝናብ ሲጽፍ ሲያነብ።
ስምንት ጎልማሶች፣ ካፖርታቸው ርሶ፣
አንዱ እያዛጋ፣ አንዱ ብርድ ቀምሶ፣
ከፊታቸው ገልጠው ያን ጥንታዊ ድርሰት፣
ከሹመት ጥም ጀምሮ የሚያልቅ በጸጸት።

ታሪኩ አጭር ነው፤ ማኅተም ጠባቂው
ጌታውን በትራስ አፍኖ ገደለው፤
ቀለበቱን ወስዶ በጣቱ አጠለቀ፤
ጣቱ አበጠና ቀለበት አልወለቀ።

"መስመር ምረጡ" አልኩ፤ "አንድ ብቻ መስመር፤
ሰሙን አቅልጡና ወርቁን ንገሩን ከምር።"
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን አስተምሬ፣
መልሱን አውቀዋለሁ እንደ ገዛ በሬ።

ነርሷ ሞረግ ያንን ታላቁን ንግግር፣
ሟች በሕልሙ መጥቶ ሲያነሣበት ነገር፦
"እኔ መስሎኝ ነበር ቀለበት ያጠለቅሁ፤
ለካ ጣት ሆኜለት፣ እኔ ነኝ የጠለቅሁ።"
"ጥሩ ነው" አልኩና ከሰሌዳው ጻፍኩት፤
ግሱን ከነሥሩ ነቅዬ አሳየሁት።
ዱጋልድ መጨረሻውን፣ የገዳዩን መውደቅ፤
ዱጋልድ ደስ ይለዋል ሒሳብ ሲጠናቀቅ።

ፋርካር ግን ዝም አለ። ሰባ ሁለት ዓመቱ፤
ገመድ የላጠው መዳፍ፣ ጨው የበላው ፊቱ።
ቀስ ብሎ ገለጠ ሁለተኛውን ገቢር፣
አሽከሩ ሻማ ይዞ ብቻውን ሲናገር፣
እኔ ሁልጊዜ የምዘለውን መስመር፦

"ይህ በር ያለቅስ ነበር፣ ሲከፈት፣ ሲዘጋ።
ዛሬ ዝም ብሏል። ማን ቀባው፣ ሳይነጋ?"

ሳቁ። "የዘይት ነገር!" አለ ዱጋልድ ቀልዶ።
ፋርካር አልሣቀም፤ ጣቱን ከመስመሩ ሰዶ፣
"ሰሙ የማጠፊያ ዘይት ነው፤ ይሁን፣ እንቀበለው።
ወርቁ ግን ሹመት ነው፦ ሰውየውን ማን ቀባው?
በዚያው በአንድ ዘይት፣ በዚያው በአንድ ጣት፣
በሩም አፉን ዘጋ፣ እሱም አገኘ ሹመት።
ደግሞ ጊዜውን እዩ። ዘይቱን የቀባ 'ለት
እጁ ንጹሕ ነበር፤ አልገባም መኝታ ቤት።
በቀን፣ በጠራራ፣ ሰው እያየው ጭምር፤
በር የሚያበጅ እኮ ይመሰገን ነበር።
ግድያው ያን ጊዜ፣ ቀን ላይ ተፈጸመ፤
ሌሊቱ መጥቶ ነው ማኅተሙን ያተመ።"

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት፤ መምህር ነኝና፣
ገጹን እንዲጠራ ጠብቄ በትሕትና።

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አላደረገውም።
"ወንድም ነበረኝ" አለ፤ "ረናልድ። ታላቄ ነው።
ጀልባዋ የእሱ ነበረች።
የመረቡ መጎተቻ ገመድ ውስጡ መበስበሱን
አንድ ማክሰኞ አየሁ። እኔ ብቻ።
ላዩን ሬንጅ ቀባሁት፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ የሚመስል።
እነግረዋለሁ እያልኩ ነበር።
ሐሙስ ወጣ። ዓርብ ጀልባዋ ያለ እሱ ተመለሰች።
እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሰዉ ባርኔጣውን እያነሣ
ካፒቴን አለኝ።
አርባ አንድ ዓመት ሆነው። ማንም 'ማን ቀባው?' ብሎ አያውቅም።
ትናንት ማታ እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ
አሽከሩ ጠየቀኝ።"

ዝናቡ ብቻውን አነበበ።
ሞረግ እጇን ወደ እጁ ልካ፣ ከመንገድ መለሰችው።
ከጀርባዬ በሰሌዳው፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፣
"ጠለቀ" ይላል ገና፤ ማጥፋቱን አልደፈርኩት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘለልኩት ያን መስመር፤
ትንሽ ሰው ቢናገረው፣ ትንሽ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሞላ ወንበሩን ሰበሰብን።
ፋርካር መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ፤
በሩ ከኋላው፣ እንደ ልማዱ፣ ረጅም አለቀሰ።
ባለፈው ሳምንት ለጽዳት ሠራተኛው
ማስታወሻ ለጥፌለት ነበር፦
"እባክህ፣ ይረብሸናል፤ ይህን በር ዘይት ቀባው።"

ወረቀቱን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።