ሁለት መጋዝ ባንድ ዋጋ

አይሴን፤ ሰኔ አጋማሽ፤ በረዶ አዳሩን ጥሎ፣
ቀይ ሞተር መጋዝ ከግራጫው ጎን ተሰቅሎ፣
ዋጋቸው በሳንቲም እንኳ አይለይ።

«ቀዩን!» አለ ዋርሳዋ ባውዲልዮ፣ «ጉልበቱን ባየሽው!
የሌንጋ ግንድ እንደ ቅቤ ነው የሚገምሰው።
ያኛው ያዘግማል፤ ሽማግሌ ነው።»

ኤርሜሊንዳ ዝም፤ ግራ እጇ ቀኝ ትከሻዋን አሸ፤
አምና ነው፣ ገመድ ሲስብ ሲስብ የተበላሸ።
«በውርጭ ጠዋት» አለች፣ «በስንተኛው ይነሳል?»
ባለሱቁ ኡርሲሲኖ መልስ ሲጠፋው ይስላል።

ከመጋረጃው ጀርባ የጥገናው ክፍል አለ፤
ገለጥ አርጋ ቆጠረች፦ ሰባት ቀይ የተሰቀለ፣
ሆዱ የተከፈተ፣ ዘይት የሚያነባ፤
ግራጫ አንድ ብቻ።

«ይሄስ ምኑን ታመመ?»
«እሱማ ደህና ነበር፤
የግንድ መኪና ሄዶበት ነው እንጂ።»

ገንዘቡን ቆጥራ ዘረጋች፦
«እንካ። ሽማግሌውን አውርድልኝ።»