የዘጠኝ ዓመት ሰኞ

«ሰኞ እጀምራለሁ» ስል፣ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤
ስንቱ ሰኞ በደጄ ኮቱን ለብሶ ከነፈ።
ምክንያቴን አትጠይቁኝ፣ እንባ የሚያስነባ አይደለም፤
ጅማቴ አልተበጠሰ፣ አጥንቴ አልተሰበረም።
ልጅ ወለድኩ። እናቴ ታመመች። የዳቦ ቤቱ ፈረቃዬ ሌሊት ሆነ።
አንድ ቀን ቀረሁ፣ ቀጥሎ ሳምንት፣
ደብተሬ ራሱን ከደነ።

ዛሬም ሰኞ አይደለም።
ሐሙስ ነው፤ ጊዩምሪ ላይ በረዶ ይጥላል፣
ጥቁሩ የድንጋይ ቤት ሁሉ ነጭ ቆብ ደፍቷል።
ከጫማ ሰፊው ጎን፣ ወደ ምድር ቤት፣ አሥራ አራት ደረጃ፤
እኔ ረስቼዋለሁ፣ እግሬ ግን ቁጥሩን ይዟል እንደ ማስረጃ።

ያው በር፣ ያው ዝገት፣ ያው የጎማና የላብ ሽታ፤
ያው አርሻቪር፣ ቁልፉን በአንገቱ አስሮ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ በዝምታ።
ቀና ብሎ አየኝና
«አረፈድሽ ሹሻኒክ» አለ።
ዘጠኝ ዓመት ይሁን ዘጠኝ ደቂቃ
እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ፤ ሻዩን ፉት አለ።

ግድግዳው ላይ ስሜ አለ፣ በጠመኔ የተጻፈ፣
ከጎኑም «ዘጠና ኪሎ»፣ ግማሹ በእርጥበት የረገፈ።
ማን ነች ይቺ? እላለሁ፤ ስሟስ ከስሜ ገጥሟል፤
ትከሻዋ ግን ከኮቴ ውስጥ ለቆ ከወጣ ሰንብቷል።

ባዶውን ብረት ያዝኩ፤ ግራው ራቁት፣ ቀኙ ራቁት፤
አሥራ አምስት ኪሎ ብቻ፣
ያንሳል በየሌሊቱ ከምሸከመው የዱቄት ከረጢት።
ከረጢት ግን ሆድ አለው፣ ትከሻ ላይ ይተኛል፤
ጎንሽን አይቶ ይተጣጠፋል፣ ሲደክምሽ ያዝንልሻል።
ብረት? እቴ!
ብረት ዘመድ አያውቅም፤
በዘጠኝ ዓመት ጉልበት ዱቤ አይሰጥም።

ከጎኔ ናይሪ የምትባል፣ አሥራ አራት ያልሞላት፣
ማስቲካ እያኘከች ሃምሳ ኪሎ ከራሷ በላይ ሰቀለች።
እኔን አየችና፣ ጨዋ ናት፣
ቶሎ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።
ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

እጄን ጠመኔው ውስጥ ከተትኩ።
ነጭ መዳፍ ለእኔ ብርቅ አይደለም፣ ሌሊት ሌሊት ዱቄት ነው፤
ይሄ ግን የሚቦካ አይደለም፣
ይሄ የሚያቦካው እኔን ነው።

ቁጢጥ አልኩ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን ጮኸ።
«ወገብሽን!» አለ አርሻቪር፣ ከሻዩ ዓይኑን ሳያነሳ፤
ወገቤም ሰማው፣ ከእኔ ቀድሞ፣
የዘጠኝ ዓመት እንቅልፉን ረሳ።
አንሼ ቀርቼ ነበር፤ አንሼ መጣሁ ላነሳ፦
ብረቱ በጭኔ ሽቅብ ተሳበ፣ ክርኔ ዞረ፤
አናቴ ላይ
ሰማዩ የምድር ቤት ጣራ ነበረ፣
ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት፣
እኔም ከሥሩ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ የቆምኩበት።

አምስት ጊዜ። ከዚያ አምስት። ሦስተኛው ዙር ላይ ሦስት።

አርሻቪር ተነሳ፣ ጨርቅ ያዘ፤
ሊያጠፋኝ መሰለኝ ከግድግዳው።
እርጥበቱን ብቻ ጠረገና ከዘጠናው ሥር
«15» ብሎ ጻፈ። ቀኑንም። ሌላ ቃል ሳይጨምር።

ስወጣ ያ አሥራ አራት ደረጃ ወልዶ ተባዝቶ ጠበቀኝ፤
ሁለት እየወጣሁ ግድግዳ ስደገፍ
ናይሪ እየዘለለች አለፈችኝ።
«ደህና እደሪ እትዬ» ማለቷ
ከብረቱ ይልቅ ከበደኝ።

ዓርብ ጠዋት ወደ መንገድ የምወርደው እንደ ሸርጣን በጎኔ ነው፤
ልጄ ናሬክ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።
«ምን አንስተሽ ነው?»
«ባዶ።»
«ባዶ ነገር ይከብዳል እንዴ?»
ከትኩሱ ላቫሽ ቆርሼ አፉን ዘጋሁለት።
ክንዴ ከደረቴ በላይ እምቢ ብሎኝ
የማር ማሰሮውን ከመደርደሪያው እሱ አወረደልኝ።

ቅዳሜም ክፍት ነው ብሎኛል አርሻቪር።