የክፍሉ ድምፅ

መምህር ነዲም አለን፦ «ካሜራ ከመንቀላችሁ በፊት፣
አንድ ደቂቃ ቅዱ፤ የክፍሉን ጸጥታ፣ ሰው የማይተነፍስበት።
ዝም ያለ ቤት ሁሉ ዝምታው ለየቅል ነው፤
ንግግር ቆርጠን ስንቀጥል፣ ስፌቱ እንዳያስታውቅ፣
ከሥር የምናነጥፈው እሱን ነው።»

ማህራ የአባቷን መጅሊስ ቀዳች፣ ግድግዳ ሰዓት ብቻ የሚራመድበትን፤
ሱኒል የመኪና ማቆሚያውን ምድር ቤት፣ ሌሊት፣ መብራቱ የሚያጉረመርምበትን።
እኔ ማይክ ተዋስኩ፤ መዝገብ ላይ ፈርሜ፣ መታወቂያዬን አስይዤ፣
ጠጉራም ኮፍያ እንዳጠለቀ ሕፃን አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤ
ሮላ ወረድኩ፤ ሻርጃ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር፣
እናቴ ካለችበት አንዲት ክፍል፦ ጨርቅ፣ መኪና፣ አልጋ፣ በር።

ዘይቱና የዓባያ ጠርዝ ትሰፋለች፣
ጥቁር በጥቁር ክር፤ ከዓይኗ እየከፈለች።
ከኮምቦልቻ ስትነሳ ሁለት ዓመት ነበር ያለችው፤
ሁለቱ ዓመት እኔን ወለደ፣
እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ ወለድኩ፤
ከዚያ ወዲያ ማንም አልቆጠረው።

«ምንድን ነው ይሄ ድመት?»
«ድምፅ መቅጃ ነው፣ እማ።
ለአንድ ደቂቃ ዝም በይልኝ፤ ኮሽታ እንዳይሰማ።»
መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ሳቀች፤ እንዳይወድቅባት በግማሽ አፍ፦
«ዝምታ ነው እንዴ የሚያስተምሩሽ? ያ ሁሉ ድርሃም ተከፍሎ?
እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ስል ማን ጋወን አለበሰኝ?
ማን አጨበጨበልኝ፣ ‹ተመረቀች› ብሎ?»

መልስ አልነበረኝም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ።
«በይ ቶሎ፣ ሥራ አለብኝ» አለች።
ቁልፉን ተጫንኩ።

ኤሲው፣ ሊናገር እንደተነሳ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
ማቀዝቀዣው ይንቀጠቀጥና ይተወዋል።
ከታች ከሻይ ቤቱ ማንኪያ፤
ከላይ የጎረቤት ውኃ፣ በቱቦ፣ በግድግዳ ውስጥ።
ከነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ሌላ፣ ስም የሌለው፣
በልጅነቴ የማውቀው፦
በመኪናዋ ጩኸት ስተኛ ኖሬ
ሌሊት ድንገት ስታቆም
ደንግጬ የምነቃበት ያ ዝም።
ለካ እሱ ነበር
የቤታችን ድምፅ።

በአርባ አንደኛው ሰከንድ፣ በጥርሷ ክር በጠሰች።
ጥ።
ልማድ ነው፤ አላወቀችም።
እኔም አልተናገርኩም፣ ደቂቃው አልሞላም።

በማግስቱ መምህር ነዲም ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፣
ለጥ ባለው መስመር መሐል ቀጥ ብላ እንደ እሾህ የቆመችው ላይ።
«ይቺ ምንድን ናት?»
«ክር ናት።»
«ቁረጫት» አለ፣ ክፋት የለበትም፤
ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ሥራውን ያውቃል።
ከኋላዬ ማህራ «ተዪያት» ስትል ሰምቻለሁ፤
ያልሰማሁ መስዬ ቆረጥኳት።

«ሳትለኪ አትቁረጪ» ብላ ያሳደገችኝ ሴት ልጅ
ለክቼ ነበር የቆረጥኩት፦ የሰከንድ ሩብ እንኳ አትሞላም።
አልጣልኳትም። ለብቻዋ ፋይል ከፈትኩላት፤
ስም ስጪ ቢለኝ ኮምፒዩተሩ፣ ብዙ አስቤ
ባዶውን ተውኩት።

ሐሙስ ማታ ዶርም ደወለች፤
«እህ፣ ዝምታዬን ወደዱት?»
«ከመቶ ዘጠና ሁለት ሰጡት።»
ትንሽ አሰበች። ሒሳብ አትረሳም፤
ደንበኛ አንድ ድርሃም ቢያጎድልባት በሩ ድረስ ትከተላለች።
«ስምንቱንስ» አለች «የት ወሰዱት?»

አፌን ስከፍት
ከወዲያ ማዶ መኪናዋ ተነሳች።