መሬት የሚሉት ሽቦ

ኮዬ ፈጬ፣ በር ያልገባለት ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሲሚንቶው ገና እርጥብ፣ ነፋሱ የማያልቅ።
ኦቦ ዲንሳ ጥቅልሉን ከትከሻቸው አወረዱ፤
«ስሙን ሳታውቂ አትንኪ፤ በስሙ ነው የሚለይ ጉዱ።»

አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው በፒንሳ ልብሱን ገፈፉ፤
ብቅ አለ መዳቡ፣ አዲስ ሳንቲም መስሎ ጫፉ።
«ይኼ ኮንዳክተር ነው፤ መንገዱ፤ የሚያሳልፈው፤
ቀዩ ፕላስቲክ ኢንሱሌሽን፤ እጅሽን የሚያተርፈው።
መዳብ ያለ ልብሱ ገዳይ፣ ልብስ ያለ መዳቡ ቀፎ፤
ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ነው ግድግዳ ውስጥ የሚኖር አርፎ።»

ሌላ ቆረጡ፤ ውስጡ ክር ነው፣ ፀጉር ፀጉር የመሰለ፤
«ድር ቢያብር...» ብዬ ጀመርኩ። ኦቦ ዲንሳ ሳቁ፤ «የለ፣
እዚህ የሚታሰር አንበሳ የለም። መታጠፉ ነው ምክንያቱ፤
ባለ አንዱ፣ ደረቁ፣ ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል ካንገቱ፤
ክሩ ግን ጥግ ይዞራል። ለማዕዘን ነው መብዛቱ።»

ኬብሉን ሽቦ፣ ሽቦውን ኬብል እያልኩ ሦስት ቀን ከረምኩ።
ሱቅ ተልኬ ያልተባልኩትን ገዝቼ፣ ተሸክሜ ተመለስኩ።
«ሽቦ ላጤ ነው» አሉኝ፤ «ኬብል ግን ቤተሰብ፤
በአንድ ጋቢ ሦስት አራት ልጅ፣ የየራሱን ለብሶ የሚሰበሰብ።»

አንድ ነጥብ አምስት ለመብራት፣ ሁለት ነጥብ አምስት ለሶኬት፤
«ቁጥሩ ርዝመት እንዳይመስልሽ፤ የተቆረጠው ፊቱ ስፋት።
በቀጭኑ ከባድ ብትጭኚበት አይጮኽም፤ ይግላል ዝም ብሎ፤
የሰው ቤት የሚነደው ሌሊት ነው፣ ሁሉ ደህና እደር ተባብሎ።
ቀዩ ፌዝ ነው፣ ይዞ የሚመጣ፤ ጥቁሩ ኒውትራል፣ የሚመለስ፤
መሄጃ ያለ መመለሻ አምፖል አያበራ፣ ሞተር አያንቀሳቅስ።»

«ሦስተኛውስ?» አልኩ፤ አረንጓዴው፣ ቢጫ መስመር ያለበት።
ዝም አሉ። በመስኮቱ አዩ፣ ገና መስታወት ባልገባበት።
«እሱ መሬት ነው።

ዕድሜ ልኩን ሥራ የለውም፤ አይወስድ፣ አያመጣ፤
የሚጠራው አንድ ቀን ነው፣ ፌዝ ልብሱን ቀድዶ ሲወጣ።
ያን ቀን ቁጣውን ከሰው በፊት ይቀበላል፤
ወደ ታች ይዞት ይሄዳል።»

ዘንጉን እኔ፣ መዶሻውን እሳቸው ይዘን
ወረድን፤ ከብሎኩ ኋላ ዞረን።
ፎርማኑ በኖራ ምልክት አድርጓል። ኦቦ ዲንሳ አለፉት፤
ሃያ እርምጃ፣ ወደ ግራ ሦስት፤ አፈሩን በእግራቸው ጣት ነኩት።
«እዚህ።»
«ለምን እዚህ?»
«ሽምብራው እዚህ ነበር የሚቆየኝ፣ ለምለም ሆኖ እስከ ጥር፤
መረሬ ነው፣ ውኃ አይለቅም። ደረቅ መሬት አይሰማም ቢነገር።»

«ይኼ ሁሉ...?» ልል ስል፣ «አራት ጥማድ» አሉኝ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርገው፤
«በካሳው ይኼን ፒንሳ ገዛሁ። የቀረውን እንጃ፣ የት እንዳደረግነው።»
መዶሻው ወረደ። ዘንጉ ገባ፣ እንደ ማረሻ በሰኔ፤
መጀመሪያ እሳቸው፣ ከዚያ እኔ።

ባለፈው ጥር፣ አራተኛ ፎቅ የገቡት ወይዘሮ ትብለጥ ደወሉልኝ፤
«ፍሪጁን ልከፍት ስል ብሬከሩ ጧ አለ! ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራሽልኝ?»
ሄድኩ። አይጥ የፌዙን ልብስ በልታዋለች፣ ከፍሪጁ ጀርባ፤
መዳቡ ቆርቆሮውን ነክቷል። ወይዘሮዋ ይቆጣሉ፣ እጃቸው በሳሙና ተለብዶ፣ ከልብስ አጠባ።
መብራት ኃይልንም ሰደቡ፣ እኔንም ጨመሩ።

ሽቦውን ቀየርኩ፣ ሂሳቤን ተቀበልኩ። ስለ ሽምብራው ምን ይባላል?
ስወርድ ከብሎኩ ኋላ ዞርኩ፤ ሃያ እርምጃ፣ ወደ ግራ ሦስት፤
የዘንጉ አናት አረንጓዴ ለብሷል።
ዙሪያው አንድ እፍኝ ሣር። ሌላው ሁሉ ደርቋል።