ምኑን?

ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንድ ጥጉ ሻይ ጠጥቷል፣
እርሳሴም ጫፉ እስኪላጥ በጥርሴ ተበልቷል።
ምርጫ አንድ፣ ምርጫ ሁለት እያለ እስከ አስር ይወርዳል፣
የኔ ሐሳብ ግን ሁሉን ዘሎ አምስት ዓመት ቀድሞ ይሄዳል፦
የማየው ሦስት ፊደል ነው፣ ኤም፣ ቢ እና ኤ፣
ከስሜ ጎን ተቀርጻ፣ በመስታወት በር ላይ፣ በገዛ ቢሮዬ።

ስማቸው፣ የአጎቴ ልጅ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣
ክራቫቱን ላላ አድርጎ መከረኝ እንደ ወዳጅ፦
«አካውንቲንግ ግቢ። ፔዳ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ቀጥ ያለ፣
ማኔጅመንትም አይከፋ፣ ኢኮኖሚክስም አለ።
ዲግሪ ማለት መሰላል ነው፤ ማን ያያል የእንጨቱን ዓይነት፣
ዋናው ጣሪያው ላይ መውጣት።» አለና ሳቀ። በእውነት
ያምራል አሳሳቁ፤ ጥርሱም፣ ጫማውም፣ ደመወዙም።
እርሳስ ነው፤ ስለዚህ ጻፍኩ። አላሰብኩበትም ብዙም።

«የፊዚክስ ውጤትሽን ዓሣ አይብላው» አሉ መምህር ፈንታሁን፣
«ንግድ በኋላም ይደረስበታል፤ ስሌቱ ግን አሁን ይሁን።
በሠላሳ ዓመትሽ ካልኩለስ ማን ቁጭ ብሎ ያስተምርሻል?
የሂሳብ መዝገብ የትም አይሄድ፤ ያኔም ይጠብቅሻል።»

አባቴ የሚፈራው አዲስ አበባን አይደለም፣ ኪራዩን ነው።
«ስሙ ትልቅ ነው ይላሉ፤ የስም እራቱ ግን ስንት ነው?»
የጀልባ ሞተር ፈትቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው።
ሌላ አላለም።

አመሻሽ ላይ ቅጹን አጥፌ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።
ከሽምብጥ በታች፣ ደንገሉ በሳሳበት፣
እምቦጩ እንደ ያልተጠራ እንግዳ በተኛበት፣
አክስቴ ዝማም ቆሮሶ ትከፍታለች፤ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ያበራል።
«ያ መጨረሻ ላይ ያለው ትምህርት» አለች፣ «ምን ያስተምራል?»
«ማስተዳደር ነው፣ አክስቴ።»
ቢላዋዋ ቆመ።
«ምኑን?»

አላሾፈችም።
ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው፣
መልሱን ሰምታ ልትገዛ ወይ ልታልፍ።
ጣና ላይ አየሁ። ጣና ምን አገባው።
አፌን ከፍቼ ዘጋሁ፣ እንደነዚያው እንደሳህኑ ዓሦች።

መብራት የጠፋው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።
የማኅበሩ ማቀዝቀዣ ረጅም ተንፍሶ ዝም አለ።
ሊቀ መንበሩ መጣ፣ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ፤
ገንዘብ ያዡም መጣ፣ በስልኩ ብርሃን ካልኩሌተሩን ገልጦ።
ኪሳራውን እስከ ሳንቲም አወቁት። ልቅም አድርገው ደመሩን
ከነበረው ከሚቀረው፤ ማን ይንገር የሣጥኑን ምሥጢሩን?
አንዱ በርግጫ ሞከረው።
አንዱ ስማቸውን ጥሩት አለ፤ ባንክ ምን ሊያደርግ?

ንጋት ላይ መብራቱ መጣ፤ ሣጥኑ ግን አልተነሣም።
አርባ ኪሎ። አክስቴ ማንንም አልረገመችም፣ አላነሣችም።
የሸተተውን ለወፎቹ ጣለች፣
የተረፈው ላይ ጨው ነሰነሰች፣
«ለምሳ የሚሆን አለ» አለች።

ላጲሱ አካውንቲንግን ሲያጠፋ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።
በዚያ በሳሳው ቦታ ጻፍኩ፦ ሜካኒካል። ፖሊ። ባሕር ዳር።
ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም፤ ምናልባት እወድቃለሁ፤
ምናልባት ሚኒስቴሩ ሰመራ ይልከኛል፤ እሄዳለሁ።
እዚያ ጣና የለም፣ ሙቀት ግን ሞልቷል፤
ቅዝቃዜ የሚያውቅ ሰው እዚያም ሥራ አያጣም።

ስማቸው ሰምቶ ሳቀ። ይሳቅ።
አሁንም ያምርበታል።

ሦስቱን ፊደሎች አልጣልኳቸውም።
ለራሴ ያስቀረሁት ቅጂ ጀርባ ላይ ጻፍኳቸው፣ በትንሹ፣
ከጎናቸውም የአክስቴን አንዲት ቃል፣ ከነጥያቄ ምልክቷ።
ፊርማዬ ያለበት ቦታ ላይ አንዲት ቅርፊት ተጣብቃ ደርቃለች።
ልፍቃት ጥፍሬን አነሣሁና
ተውኳት።