አምስተኛው ብርጭቆ

ከሃይደራባድ ወጣ ብሎ፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት፣
ዝናብ ካባራ በኋላ እንኳ አየሩ አሴቶን አሴቶን ከሚሸትበት፣
የሌሊት ተረኛ ነኝ። ጸጉሬ በመረብ የታሰረ፣
ቀለበቴ፣ አምባሬ፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረ።

ስድስት ብርጭቆ አለኝ፤ ስድስት የመስታወት ሆድ፣
በሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ለብ ያለ እንደ ሰው አካል፤
በየሆዱ አንድ ክኒን ጣልኩ፤
መቅዘፊያው ይዞራል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል።

ክኒኑ ለሚጥል በሽታ ነው።
የዋጠው ሰው አምኖ ብስክሌት ላይ ይወጣል፣
እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ልጅ ያዝላል።
ካልሟሟ ግን ጠጠር ነው፤
ጠጠር ሆኖ ገብቶ፣ ጠጠር ሆኖ ይወጣል።

አንደኛው ሰማንያ ስምንት። ሁለተኛው ዘጠና።
ሦስተኛው፣ አራተኛው ደህና።
ስድስተኛውም ደህና።
አምስተኛው አርባ ሦስት።
መነጽሬን ጠረግሁ። አርባ ሦስት።

ናርሲንግ ራኦ መጣ፤ ሻይ ወደ ውስጥ አይገባምና
በር ላይ ቆመ፣ ስኒውን እንደያዘ።
«ቫይዴሂ፣ አረፋ ይሆናል፤ ክኒኑን አረፋ ይዞት።
ሌላ ጣይና ድገሚው፤ መኪናው ጎህ ሲቀድ ይጫናል፤
ከአራት መቶ ሺህ ክኒን አንዱ ምን ይሆናል?»
ክፉ ሰው አይደለም።
የወንድሜን የኮሌጅ ክፍያ ያበደረኝ እሱ ነው፤
መልሺ ብሎኝ አያውቅም።

አረፋ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ፤
ክኒኑ ከታች ተኝቷል፣ ጠርዙ እንኳ ሳይሸረፍ፣
እንደ ወተት ጥርስ ነጭ።
ፈታኝ ነኝ ብዬ ገብቼ፣
ለካ የመፈተን ወረፋው የኔ ኖሯል።

መዝገቡን ሳብኩ። እጄ ከኔ ቀድሞ
«አለፈ» ሊል ተነሣ፤
«አለ» ብሎ ቆመ።
ሦስተኛዋ ፊደል ብዕሬ አፍ ላይ ቀረች።
ክኒን እንዲህ ሲያልፍ ሰው ያልፋልና፤
ሰው መንገድ ላይ ከሚወድቅ፣ ክኒኑ እዚህ ይውደቅ።

እዚህ ቤት ስህተት አይፋቅም፤
አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ከሥሩ እንዲነበብ፣
ከጎኑ ፊርማና ቀን።
አሰመርኩ። ፈረምኩ። «ወደቀ» ብዬ ጻፍኩ።
በርሜሎቹ ላይ ቀዩን ወረቀት ስለጥፍ
ናርሲንግ ራኦ ዝም ብሎ ማጣበቂያውን ያዘልኝ፤
ሻዩ መስኮት ላይ በረደ።

መኪናው ባዶውን ሄደ።
ማንም አላመሰገነኝ፤ ማን ያመስግን፣ ላልሆነ ነገር?
ግን ያን መዝገብ የሚገልጥ፣ ገጽ መቶ አራት ላይ፣
ከመስመሩ ሥር፣ ትንሽ ዘመም ብሎ፣
በኔ እጅ ጽሑፍ ያነብባል፤
«አለ»።