ሦስት ብጣሽ ወረቀት

ለሠርግ አልነበረም፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ፣
የሦስታችን እቁብ፣ የአራት ዓመት ቋጠሮ፤
ባሕር ማዶ ላለ፣ ደመና ለለበሰ፣
ጌታው ለሞተበት፣ ካቡ ላልፈረሰ፣
ለኢንካዎች ከተማ፣ በእግር ለሚደረስ።

ጉሌድ መሬት ቀያሽ፣ ረምዚያ መድኃኒት ቤት፣
እኔ ባንክ፣ የሰው ብር የምቆጥር በመስኮት።

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ «ሞልቷል» አለ ጉሌድ፣
ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቶ።
«የታወቀው መንገድ ፈቃዱ ተሸጧል፣
እስከ መስከረም ድረስ አንድ ቦታ የለም።»
ረምዚያ ስኳሯን ማማሰል አልተወችም።
«ጀጎል አምስት በር አለው» አለች ቀና ሳትል፣
«ተራራ የሚያህል ነገር በአንድ በር ይዘጋል?»

የጉሌድ ሳልካንታይ ነው፣ በረዶው የማይቀልጥ፣
አራት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር፣ ነፋሱ ጆሮ የሚቆርጥ።
«በረዶ» ይላል፣ «ፍሪጅ ውስጥ ነው ያየሁት፣
እሱንም መብራት ሲጠፋ ውሃ ሆኖ ጠጣሁት።»

የረምዚያ ላሬስ ነው፣ ፍል ውሃና የሸማኔ መንደር፤
«እየሄዱ ይፈትላሉ፣ እንዝርታቸው ከእጃቸው ሳይወርድ፤
ፍርስራሹ የትም አይሄድ፣ እኔ ከነሱ ጋር ልሂድ።»

የኔ ቾኬኪራው ነው፣ የወርቅ አልጋ ማለት፣
መጀመሪያ ቁልቁል ነው፣ ወንዝ ድረስ የሚወርዱለት፤
እታች ቁልቋልና ሙቀት፣ የደቻቱ አሸዋ ዓይነት፣
ከዚያ ማዶውን ሽቅብ፣ እርከን በእርከን ላይ።
ነጭ ድንጋይ ለቅመው ላማ ሠርተውበታል ካቡ ላይ፣
ላማ የግመል የአጎት ልጅ ነው፣ አንገቱ ሲታይ።
«ለግመል ነው ውቅያኖስ የምናቋርጠው?» አለ ጉሌድ፣
«የአያቴ ሃያ ግመል ቆሟል፣ እሱን በነጻ እዪ።»

ልምምድ ነበረን። ቅዳሜ ሌሊት በሚኒባስ
የደንገጎን ጥምዝምዝ በጨለማ ስንምስ፣
ሐረርን አልፈን፣ ግራዋ፣ ጋራ ሙለታ ሥር፣
ሻንጣችን ውስጥ አሸዋ፣ ለክብደት፣ ለግብር።
አንድ ገበሬ ጫቱን ሲቀነጥስ ቀና ብሎ
«ወዴት ናችሁ?» አለን።
«ፔሩ።»
«በዚህ በኩል?»

ሦስት ሺህ ሜትር ግድም ጉሌድ ወደኋላ ቀረ።
ዞሬ ሳይ ተንበርክኳል።
ከንፈሩ የብዕር ቀለም መስሏል፣
ትንፋሹ ይገባል፣
አይወጣም።
ጭጋጉ ረምዚያን ከፊታችን ጋርዷት ነበር።
ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። «እንዳትነግሪያት።»
አልነገርኳትም።
በማግስቱ ከዚራ መጥቶ ስለ በረዶ ጫማ አወራን።

መስማማት ሲያቅተን እጣ ይሁን ተባለ።
ዳኛ የሌለው እቁብ፣ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣
ጽሕፈቴ ይነበባል፣ እጄም አይጠረጠር።
ከባንክ ደረሰኝ ጀርባ ሦስት ብጣሽ ቀደድኩ፣
ሦስቱንም ጻፍኩ፣ ሦስቱንም ጠቀለልኩ፣
በሦስቱም ላይ
የወርቅ አልጋ።

ለጉሌድ ሳንባ ነው እላለሁ ማታ ማታ ለራሴ፤
እውነት ነው። ዝቅ ያለው መንገድ የኔው ነው።
ታዲያ ስጽፈው እጄ ለምን ደስ አለው?
በመስኮት በኩል የአሥራ ሁለት ዓመት ብር ቆጥሬ
አንድ ቀን ሳንቲም ያላጎደልኩ ሴት፣
የሁለት ሰው ምኞት እንዴት እንዲህ ቀለለኝ?

ኦቾሎኒ ሻጯ ልጅ ብርጭቆው ውስጥ እጇን ሰደደች።
ረምዚያ ገለጠችው፣ አነበበች፣
እንዝርቶቹን በረጅም ትንፋሽ ሸኘች፣
ወዲያው ደግሞ «እባብ አለ ወይ እዚያ?» አለች።

ጉሌድ ዝም አለ።
ከዚያ በሁለት ጣቱ፣ እንደ ቀያሽ፣ በጥንቃቄ፣
የቀሩትን ሁለቱን ከብርጭቆው አነሳ።
አልገለጣቸውም።
እርሳሱን ከሚያኖርበት የሸሚዝ ኪሱ ከተታቸው፣
የሦስታችንን ሻይ ከፈለ፣
«እንግዲህ» አለ ሲነሳ፣ ወደኔ ሳያይ፣
«የአያቴን ግመሎች ሰላም ልበልላቸው ለዘመዶቻቸው?»

ትኬቱ ለሐምሌ ነው።
ያ ሸሚዝ እስከ አሁን ይታጠብ አይታጠብ አላውቅም።